ጥያቄያችን በራሳችን ደጅ

 



ዛሬ የምጽፈው ሌላ ሰው ላይ ጣቴን ለመቀሰር አይደለም። ነሲሓ ከራስ ይጀምራልና የማወራው ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ደሴ ውስጥ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፤ አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ በርና መስኮት እንሠራለን። ከዓመታት በፊት፣ የሠራተኛ አያያዝን የሚመለከት ሥልጠና ኮምቦልቻ ውስጥ ተሰጥቶ እኔም ከተጠሩት አንዱ ነበርኩ። ለሦስት ቀን ያህል "አካታች የሥራ ቦታ" ስለሚባለው ነገር ተማርን። አካል ጉዳተኛው፣ ሴቷ፣ ከገጠር የመጣው፣ ሃይማኖቱ ከብዙኃኑ የተለየው ሠራተኛ ሁሉ እኩል የሚገባበት፣ ገብቶም እኩል የሚከበርበት የሥራ ቦታ እንዴት እንደሚፈጠር ተነገረን። ሕጉን አነበብን፤ ጥናቶችን ሰማን፤ ራሳችንን እየነቀነቅን "ትክክል ነው፣ ትክክል ነው" አልን። በመጨረሻም ሰርተፊኬት ተሰጠን። እኔም ሰርተፊኬቱን በገዛ እጄ ባበጀሁት ክፈፍ ውስጥ አድርጌ ከሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

የተሰቀለው ወረቀት

ሰርተፊኬቱ በተሰቀለ በሳምንቱ አንድ አዛውንት ከገራዶ መጡ። ገራዶ ለደሴ ሰው ሩቅ አይደለም፤ ከከተማው ቁልቁል ሲወርዱ የሚደርሱበት አገር ነው። እኚህን አዛውንት በአባቴ በኩል አውቃቸዋለሁ። ከኋላቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጃቸው ቆሟል። ልጁ መስማት የተሳነው ነው።

"ልጄ" አሉኝ አዛውንቱ፣ "ይህ ልጅ እጁ ወርቅ ነው። ሞፈርም ቀንበርም የሚያበጅልን እሱ ነው። አንተ ዘንድ ቢያስገቡት ሙያ ይይዛል ብዬ ነው የመጣሁት።"

እኔም ያለ ብዙ ማሰብ መለስኩ። "አባባ፣ አንቱን እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው እንጂ ይህ ማሽን ቤት ነው። መጋዝ አለ፣ መላጊያ አለ። ካልሰማ እጁን ይቆርጠዋል። ኋላ እኔም አንቱም እንጸጸታለን" አልኳቸው።

አዛውንቱ አልተከራከሩም። ዐይናቸውን ከፍ አድርገው ግድግዳውን አዩና፣ "ያ በመስታወት ያደረግኸው ወረቀት ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"የሥልጠና ወረቀት ነው።"

"የምን ሥልጠና?"

"የሥራ ነው" አልኳቸው። ከዚያ በላይ ማብራራት አልቻልኩም። ምን ብዬ ላብራራ? ወረቀቱ ልጅዎን ስለመቀበል የተሰጠኝ ነው ልበላቸው?

"አላህ ይባርክልህ" ብለው ልጃቸውን ይዘው ወጡ። ልጁ አፌ ያወጣውን ቃል አልሰማም። ነገር ግን እጄ ወደ ደጅ ሲያመለክት አይቷል። እጅ የሚናገረውን ከማናችንም ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው።

ያልታየውን ፊት ያየ ጌታ

በዚያ ሌሊት ዒሻእ ሰግጄ ከተቀመጥኩ በኋላ ትዝ ያለኝ የዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ታሪኩን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሽ ሹማምንት ጋር ተቀምጠው፣ እነዚያ ቢሰልሙ ሌላው ይከተላል በሚል ተስፋ ሲያነጋግሯቸው ይህ ዓይነ ስውር ሶሐባ ሊማር መጣ። ነብዩም ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ዘወርም አሉ። በዚህ ምክንያት ሱረቱ ዐበሰ ወረደች፤ ጌታቸውም ወቀሳቸው።

ወንድሞችና እህቶች! እስቲ አንድ ነገር እናስተውል። ኢብኑ ኡሚ መክቱም ዓይነ ስውር ነበር። የተጨፈገገውን ፊት አላየም። ሰውየው ያላየውን ፊት ግን አላህ አየለት፤ አይቶም ዝም አላለም፤ እስከ ቂያማ ቀን የሚነበብ ቁርኣን አደረገው። ታዲያ የገራዶው ልጅ ያልሰማውን የኔን ቃል ሰሚው ጌታ አልሰማውም ይሆን?

የታሪኩ ትልቁ ትምህርት ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ብዙዎቻችን ወቀሳው ላይ እንቆማለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ወቀሳውን ሰምተው፣ አንብበው፣ አስነብበው ብቻ አልቀሩም። ለዚያ ዓይነ ስውር ሰው ሥራ ሰጡት። ከቢላል (ረ.ዐ) ጋር የመስጊዳቸው ሙአዚን አደረጉት። ከመዲና ሲወጡም ከተማይቱን ለሱ አደራ ብለው የሄዱበት ጊዜ አለ።

ሙአዚንነቱን ደግሞ በጥሞና እንየው። የፈጅር አዛን የሚባለው ንጋት ሲቀድ ነው። ንጋትን የሚያውቀው ዐይን ነው። ዐይን ለሌለው ሰው ይህን ሥራ መስጠት በኛ ሒሳብ የማይሆን ነገር ነው። በነብዩ መስጊድ ግን ሆነ። እንዴት ሆነ? ንጋቱን ያዩ ሰዎች "ነግቷል" ይሉታል፤ እሱም ይነሣና ያዛናል። ድምፁ የሱ ነው፣ ማዕረጉ የሱ ነው፣ አጅሩም የሱ ነው። የጎደለችው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ እሷን ጀመዓው ሞላት። እኔ በሦስት ቀን ሥልጠና "ለአካል ጉዳተኛው ሥራውን ማመቻቸት" እየተባለ የተነገረኝ ነገር ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት መዲና ውስጥ በየንጋቱ ሲሠራበት ኖሯል።

ሕጉም ጥናቱም ይህንኑ ይላሉ

ሕጋችንስ ምን ይላል? ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ ለሥራው የሚመጥነውን ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ብቻ ማግለልን ይከለክላል። አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች፣ እንዳስፈላጊነቱም ረዳት እንዲመድብ ያዛል። ሠራተኛው "በጉዳቴ ምክንያት ተበደልኩ" ብሎ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የማስረዳቱ ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ተቀብላ አጽድቃለች። ስለዚህ "ሕግ የለም" ለማለት አንችልም፤ ሕጉ አለ።

ጥናትም ሞልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ አካል ጉዳተኛ መሆኑን አስታውቋል። ይህ ማለት ከየሰፈራችን፣ ከየመስጊዳችን ሶፍ ውስጥ ብዙ ሰው አለ ማለት ነው። በኛ አገር ደግሞ ጦርነቱ አለ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ እስከ ኅዳር ማብቂያ ሲቆይ ምን ጥሎብን እንደሄደ ለወሎ ሰው አይነገረውም። እጁን ወይም እግሩን ያጣ ወጣት ዛሬ ሥራ ፍለጋ በየደጃችን ይዞራል። የሚዞረው ሰደቃ ፍለጋ አይደለም፤ ሥራ ፍለጋ ነው። እኛ ግን ሥራ ሲጠይቀን ሰደቃ እንሰጠዋለን፤ ሰጥተንም አጅር ያገኘን ይመስለናል።

ሌላም ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2010 በፈረንሳይ አገር የተደረገ አንድ ጥናት ታትሟል። አጥኚዎቹ በትምህርትና በልምድ አንድ ዓይነት የሆኑ የሥራ ማመልከቻዎችን ለቀጣሪዎች ላኩ። ልዩነታቸው የአንዷ አመልካች ስምና ታሪክ ሙስሊም መሆኗን፣ የሌላዋ ደግሞ ክርስቲያን መሆኗን ማሳየቱ ብቻ ነበር። ሙስሊሟ ለቃለ መጠይቅ የመጠራት ዕድሏ ከክርስቲያኗ በሁለት ተኩል እጥፍ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህን ስንሰማ ደማችን ይፈላል፤ ሊፈላም ይገባል። ግን ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ለኸዲጃ የተቆጣው ልባችን የገራዶውን ልጅ ደጅ ላይ ስንመልሰው ለምን ዝም አለ?

አባቶቻችን የጠየቁት

የዚህች አገር ሙስሊም መገለል ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማረም፤ ኖሮበታል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣው ያ ታላቅ ሰልፍ ምን ጠየቀ? እኩል ዜጋ እንሁን፤ በዓላችን ይከበርልን፤ የመንግሥት ሥራ በር ለልጆቻችንም ይከፈት ብሎ ጠየቀ። በሰልፉ ላይ ክርስቲያን ወንድሞቻችን አብረው መውጣታቸው የሚዘነጋ አይደለም። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ዛሬ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የጁምዓ ዕለት የምሳ ሰዓት ረዘም ብሎ ሰላት መድረስ መቻሉም የዚሁ ጥያቄ ቅርንጫፍ ነው። የምሳ ሰዓቷን ማስረዘም ምን ከባድ ነገር ነበረው? ምንም። አንድ ሰው አስቦ፣ ጠይቆ፣ ሰዓቱን ማሸጋሸግ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

እንግዲህ ይህን ጥያቄ የጠየቁ አባቶች ልጆች ነን። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ጠያቂዎች ብቻ አይደለንም፤ ተጠያቂዎችም ሆነናል። ሱቅ አለን፣ ወፍጮ ቤት አለን፣ ጋራዥ አለን፣ መድረሳ አለን፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ፎርማንና የክፍል ኃላፊ የሆንን አለን። አባቶቻችን በሰው ደጅ ያቆሙት ጥያቄ ዞሮ በኛው ደጅ ቆሟል። ሠራተኛችን ክርስቲያን ሲሆን የጾሙንና የበዓሉን ቀን እናስብለታለን? የጽዳት ሠራተኛችን ሴት ስትሆን መሽቶባት በጨለማ እንዳትሄድ እናስባለን? ያረገዘችዋን ስንቀጥር ሆዷን አይተን አንመልስም? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከነደመወዟ ፈቃድ ሰጥቷታል። እኛ ግን "ሱቅ እንጂ መሥሪያ ቤት አይደለም" እያልን ስንት እናት አሰናብተናል?

ቅሬያችንና ሱቃችን

ወሎዬ ስለ መካተት ከውጭ ሰው መማር ያለበት አይመስለኝም። ቅሬ አለን። ሰው ሲሞት ቅሬው ይጠራል፤ ጥሩምባው ሲነፋ ሀብታሙም ድሀውም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይወጣል። ቅሬው "ይህ ሰው ይሰማል ወይ? ይራመዳል ወይ?" ብሎ አይጠይቅም። ጅጌ ሲጠራም እንደዚሁ ነው፤ ጎበዙ ያጭዳል፣ አዛውንቱ ይመርቃል፣ ማጨድ ያልቻለው ውኃ ያቀብላል። ማንም ትርፍ አይሆንም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ጎድሎናል። በሞት ጊዜ ያልተለያየን ሰዎች በእንጀራ ጊዜ ተለያይተናል። ያ የገራዶ ልጅ ቢሞት ኖሮ ሥራዬን ዘግቼ ለጀናዛው እወርድ ነበር። በሕይወት እያለ ሥራ ቢለምነኝ ግን ደጁን አሳየሁት። ለጀናዛው የማልሰስተውን ጊዜ ለሕይወቱ ሰስቻለሁ። ከዚህ የበለጠ ኪሳራ አለ?

ገራዶ ወረድኩ

በሦስተኛው ቀን ከዐስር በኋላ ገራዶ ወረድኩ። አዛውንቱን ከማሳቸው ዳር አገኘኋቸውና ዐፉ እንዲሉኝ ለመንኳቸው። "ለኔ አይደለም፣ ለሱ ንገረው" ብለው ወደ ልጃቸው አመለከቱ። እውነታቸውን ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልጁን አንዲት ነገር አልጠየቅኩትም ነበር። ስለ ልጁ ያወራሁት ከአባቱ ጋር ነው።

እዚህ ላይ የዒትባን ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ) ታሪክ ላስታውሳችሁ። ዒትባን ዐይኑ የደከመ፣ ለወገኖቹ ኢማም የሆነ ሶሐባ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ በሱና በመስጊዱ መካከል ያለው ሸለቆ በጎርፍ እየሞላ ስለሚያስቸግረው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤቱ መጥተው ቢሰግዱለትና ያንን ቦታ መስገጃው ቢያደርገው ጠየቃቸው። ወንዝ ሲሞላ ከመንገድ መቅረት ምን እንደሆነ የክረምቱን ገራዶ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። ነብዩ ከአቡበክር (ረ.ዐ) ጋር ሆነው መጡ። ቤት እንደገቡ ሳይቀመጡ የጠየቁት፣ ከቤትህ የት ቦታ ላይ እንድሰግድልህ ትወዳለህ የሚል ነበር። ሱብሓነላህ! የአላህ መልእክተኛ ናቸው፤ ቦታውን ራሳቸው ቢመርጡ ማን ይቃወማቸዋል? እሳቸው ግን ባለ ጉዳዩን ጠየቁ። ስንት ሥልጠና ቢሰጥ፣ ስንት ጥናት ቢጻፍ የነገሩ ሁሉ ራስ ይህ ይመስለኛል፤ ባለ ጉዳዩን መጠየቅ።

እኔም ጠየቅኩት። ታናሽ እህቱ በእጅ ምልክት አስተረጎመችልን። "ማሽኑ እየዞረ መሆኑን በምን ታውቃለህ?" አልኩት። ልጁ ሣቅ አለና መዳፉን አጠገባችን ካለው የእንጨት መደብ ላይ አሳረፈ። በመዳፉ አውቃለሁ ማለቱ ነው፤ ማሽን ሲሠራ መደቡ ይንቀጠቀጣል። እኔ ለሃያ ዓመት ከማሽን ጋር ስኖር ይህን ልብ ብዬው አላውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ጀመረ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ማሽኑ ሲበራ አብሮ የሚበራ ቀይ አምፖል አስገጠምኩ። ወጪው የአንድ ወንበር ዋጋ እንኳ አልሞላም። የሚገርመው ነገር አምፖሉ የጠቀመው እሱን ብቻ አለመሆኑ ነው። ሁለት ማሽን አንድ ላይ ሲጮህ የሚሰማውም ሰው የትኛው እንደሚዞር አይለይም ነበር፤ አሁን ሁላችንም አምፖሉን እናያለን። ለአንዱ የተባለው ለሁላችን ጥበቃ ሆነ።

ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። ከሠራተኞቼ አንዱ ልጁን በጉዳቱ ስም እየጠራ ያስቅበት ነበር፤ እኔም ለጥቂት ቀን ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ዝምታዬ ከስድቡ ይብስ ነበር። በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራት በሱረቱል ሑጁራት የተከለከለ መሆኑን እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ደግሞ ደመወዙን ለአባቱ ሰጠሁ። በማግሥቱ ልጁ ሥራ ሳይጀምር ከፊቴ ቆመ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከዚያ መዳፉን ዘረጋ። "የደከምኩት እኔ ነኝ" ማለቱ ነበር። ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ ዋጋው ይሰጠው የሚለውን የነብዩን ትእዛዝ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ላቡ የማን እንደሆነ ግን ያስተዋልኩት በዚያች ጠዋት ነው።

ከሰኞ ጀምሮ

ውድ አንባብያን! "እሺ፣ ምን እናድርግ?" የምትሉ ካላችሁ ከራሴ ስሕተት የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ "አይችልም" ከማለታችን በፊት ራሱን እንጠይቀው። ፍርሃታችን ሁሉ ውሸት አይደለም፤ መጋዝ እጅ ይቆርጣል። ነገር ግን ፍርሃት ጥያቄ ሊወልድ እንጂ በር ሊዘጋ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ሥራውን በደካማው አቅም እንለካው። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ) ሰላት በጣም አስረዝሞ ሲያሰግድ ቀኑን ሙሉ ሲደክም የዋለ አንድ ሰው ለብቻው ሰግዶ ሄደ። ነገሩ ነብዩ ዘንድ ሲደርስ የተወቀሰው ደካማው ሰው አይደለም፤ ሙዓዝ ነው። ከኋላህ ደካማ፣ ሽማግሌና ባለ ጉዳይ እንዳለ እወቅ ተባለ። በሰላት ይህ ከታዘዘ በሥራማ እንዴት አይታዘዝ?

ሦስተኛ፣ አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ በሰደበው ጊዜ ነብዩ የነገሩትን እናስታውስ። በውስጡ የጃሂልያ ርዝራዥ እንዳለ ነገሩት፤ በእጃችን ሥር ያሉት ወንድሞቻችን መሆናቸውን፣ ከምንበላው ልናበላቸው፣ ከምንለብሰው ልናለብሳቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳንጭንባቸው፣ ከጫንንም እንድናግዛቸው አዘዙ። የማገዙ ትእዛዝ እዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ሠራተኛን ማገዝ ቸርነት አይደለም፤ ሐቁ ነው።

አራተኛ፣ ሠራተኛ ያለ ፍርሃት የሚናገርበትን ሁኔታ እንፍጠር። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ ስሕተት የሚያስመዘግቡ ሆነው አገኘቻቸው። ነገሩን ስትመረምረው ከሌሎቹ በልጠው ስለሚሳሳቱ አይደለም፤ ስሕተታቸውን ለመናገር ስለማይፈሩ ነው። ከሥራ ቤታችን ቅሬታ አለመሰማቱ ሰላም ስላለ ነው ወይስ ሰው ስለፈራ?

አምስተኛ፣ "የገጠር ልጅ ሥራ ላይ አይቆይም" የሚለውን ወሬ እናቁም። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ አጥኚዎች በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ውስጥ ለሥራ ያመለከቱ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት በዓመቱ ውስጥ ሥራውን እንደለቀቁ አመልክተዋል። ለምን? ስንፍና አይደለም። ሥራው ለጤና አስቸጋሪ ነበር፤ ክፍያውም ሌላ ቦታ ከሚያገኙት አይበልጥም ነበር። የሚሄደውን ሠራተኛ ከመውቀሳችን በፊት ያስሄደውን ነገር እንመርምር።

ስድስተኛ፣ መስጊዶቻችን ይቅደሙ። የጁምዓ ኹጥባ ለማይሰሙ ወንድሞቻችን በምልክት ቋንቋ የሚተረጎምባቸው መስጊዶች ስንት ናቸው? በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ውዱእ ማድረጊያው ጋ መድረስ ይችላል? እህቶቻችን የሚገቡበት በር ጭቃ የሞላው የጓሮ በር አይደለምን? የመስጊዳቸው ጠራጊ ሞታ ሳይነገራቸው ተቀብራ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መቃብሯ ድረስ ሄደው ሰግደውባታል። የኛን መስጊድ የምትጠርገዋን እናት ስም ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል?

ማጠቃለያ

ዒልም ያለ ዐመል ነገ በአላህ ፊት የሚመሰክርልን ሳይሆን የሚመሰክርብን ነው። የሰቀልኩት ወረቀት በዚያን ዕለት እኔን አላስመሰገነኝም፤ ከሰሰኝ እንጂ። አንዳንድ ጊዜ የማያውቅ ሰው ጥፋት ቀላል ነው። እኔ ግን ተነግሮኝ፣ ፈርሜ፣ ሰርተፊኬት ወስጄ ነው ያጠፋሁት።

ክፈፉን አሁን አውርጄዋለሁ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ክፈፉን ለሌላ ሥራ አዋልኩት። በቦታው ምንም አልሰቀልኩም። ስለ አካታችነት የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ ቀዩን አምፖል አሳየዋለሁ፤ አጠገቡ መዳፉን ከመደቡ ላይ አሳርፎ የሚሠራውን የገራዶ ልጅም ያየዋል። ልጁ ዛሬ ተለማማጅ አይደለም፤ ባለፈው ሰሞን የገቡትን ሁለት ልጆች የሚያስተምረው እሱ ነው። ልጆቹ ይሰማሉ፤ ለመማር ሲሉ ግን የሱን የእጅ ቋንቋ እየተማሩ ነው።

ያ አላህ! የሰማነውን የምንሠራበት አድርገን። በእጃችን ሥር ያሉትን ሐቃቸውን የምንጠብቅ፣ በደጃችን የቆመውን የማንመልስ አድርገን። ያጠፋነውን ማረን፤ አገራችንን ሰላም አድርግልን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።